ያውቁ ኖሯል? በቀርከሃ፣ በሰሌንና በወረቀት የሚሠራ የአደጋ ጊዜ ቤት

መሬት ሲንቀጠቀጥ፣ ጎርፍ ሲያጥለቀልቅ፣ አውሎ ነፋስ ጣሪያ ሲገነጥል መጀመሪያ የሚደርሰው ሸራ ነው። ሲሚንቶና ብረት የሚመጡት ከብዙ ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመታት በኋላ ነው። በመካከሉ ግን ልጅ ይወለዳል፣ ክረምት ይገባል፣ ሽማግሌ ይታመማል። የዛሬው ዓምዳችን ይህን የመካከል ጊዜ የተሸከሙትን ቀላል ቤቶች ይመለከታል፤ ከቀርከሃ፣ ከሸምበቆ፣ ከጭድ፣ ከሰሌንና ከወረቀት የተሠሩትን። «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር ዓመታቱ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ያውቁ ኖሯል? መሬት ሲናጥ ግድግዳንና ጣሪያን የሚገፋው ጉልበት ከቤቱ ክብደት ጋር አብሮ ያድጋል። ቤቱ በከበደ ቁጥር ግፊቱም ይበረታል፤ ሲናድም የሚወርደው ሸክም እንዲሁ። በ2010ሩ መንቀጥቀጥ በሄይቲ መዲና በፖርቶፕሪንስ ብዙ ሰው የፈጀው የተናደው ኮንክሪትና ብሎኬት ነበር። በዚያችው ከተማ ከመቶ ዓመት ገደማ በፊት በእንጨት የተሠሩት ባለ ጌጥ ቤቶች ግን አብዛኞቹ ቆመው ተገኙ።

ኤፕሪል 22 ቀን 1991 ኮስታሪካን መጠኑ 7.6 የሆነ የመሬት መንቀጥቀጥ መታት። ከመናወጡ እምብርት ብዙም ሳይርቅ በአንድ አገራዊ ፕሮጀክት የተሠሩ 20 ያህል የቀርከሃ ቤቶች ነበሩ። በአካባቢው ኮንክሪት ሲፈርስ እነሱ ምንም ሳይሆኑ ቀሩ። ያን ጊዜ ብዙ መሐንዲሶች ቀርከሃን የድሃ እንጨት ከማለት ተቆጥበው መለካትና መመዘን ጀመሩ። ዛሬ ቀርከሃ እንደ ብረትና እንደ ኮንክሪት ዓለም አቀፍ የግንባታ ደረጃ ወጥቶለታል፤ የመጀመሪያው በ2004 ወጣ፣ በ2021 ደግሞ ተሻሻለ።

ይህ ዕውቀት ግን ከላቦራቶሪ የቀደመ ነው። በ1746 ፔሩ ውስጥ ሊማ በመንቀጥቀጥ ከፈራረሰች በኋላ የጊዜው ገዢ ፎቅ በጭቃ ጡብ እንዳይሠራ ከለከለ፤ ከ«ኪንቻ» እንዲሆን አዘዘ። ኪንቻ የሚሉት የእንጨት ቋሚ፣ የሸምበቆ ማገርና የጭቃ ምርጊት ነው። የእኛን ጭቃ ቤት ለሚያውቅ ሰው እንግዳ አይሆንበትም። የሊማ ካቴድራል ቅስት ጣሪያ ከታች ሲያዩት ድንጋይ ይመስላል፤ ውስጡ ግን እንጨትና ሸምበቆ ነው። መሬቱ ሲወዛወዝ አብሮ እንዲወዛወዝ ተብሎ የተሠራ ነው።

ወደ አገራችን እንምጣ። የዶርዜን ቤት ያየ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያወራው ስለ ዝሆን ነው፤ ወደ ፊት የወጣው መግቢያ የዝሆን ፊት ይመስላልና። እኔን የሚገርመኝ ሌላው ነገሩ ነው። ከአርባ ምንጭ በላይ፣ በጨንቻ ደጋ፣ ሰዎች ቀርከሃን ሰንጥቀው እንደ ቅርጫት ከላይ እስከ ታች ይጠልፉትና በቀርከሃ ቅርፊትና በእንሰት ቅጠል ያለብሱታል። አዲሱ ቤት እስከ 12 ሜትር ይረዝማል። ከዚያ ምስጥ ከሥሩ መብላት ይጀምራል። ቤቱ በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት እያጠረ ሁለት ትውልድ ያኖራል። ምስጡ ሲበዛ ወይም ባለቤቱ ቦታ ሊለውጥ ሲፈልግ ጎረቤት ይጠራል፤ ሰዎቹ ከሥር እንጨት አስገብተው ቤቱን ሙሉውን ያነሡና በትከሻቸው ተሸክመው ወደ አዲሱ ቦታ ይወስዱታል። የዓለም አርክቴክቶች ለአደጋ ጊዜ «ተነቃይና ተጓጓዥ ቤት» ለመሥራት ስንት ንድፍ ይስላሉ! የዶርዜ ሸማኔ ጥበቡን ከአባቱ ተቀብሎ ይኖርበታል።

አፋር ውስጥ ቤት የሚሠሩትም የሚያፈርሱትም ሴቶች ናቸው። ዳቦይታ የሚባለው ቤት የታጠፉ ቀጫጭን እንጨቶች ላይ ከዘንባባ የተሠራ ሰሌን እየተደራረበ የሚለብስ ነው። ሲፈርስ ታጥፎ ግመል ላይ ይጫናል። የሶማሌው አቃልም እንዲሁ ነው፤ ሰሌኑን የምትጠልፈው፣ እንጨቱን የምታጎብጠው፣ የምትጭነውና የምታወርደው እናት ናት። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በዶፈን ዙሪያ መሬቱ ለወራት ሲንቀጠቀጥ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ቀያቸውን ለቀው ወጡ። በዚያ ወቅት ስለ መጠለያ ብዙ ተባለ። ቤት ጭኖ መሄድን፣ ተጭኖ የመጣውን ቤት መትከልን ከማንም በላይ የሚያውቁት የአካባቢው እናቶች መሆናቸውን ግን በበቂ ያነሣ አልሰማሁም። መጠለያ ሲታሰብ መጀመሪያ ሊጠየቁ የሚገባቸው እነሱ ነበሩ።

በደቡባዊ ኢራቅ ረግረግ የሚኖሩ ሰዎች «ሙዲፍ» የሚሉትን ትልቅ የእንግዳ አዳራሽ ያለ አንድ ምስማር፣ ከሸምበቆ ብቻ ያቆማሉ። የሸምበቆ ነዶ እየታሰረ እንደ ምሰሶ ይወፍራል፤ ሁለቱ ጫፎች ወደ ውስጥ ጎብጠው ይገናኙና ቅስት ይሆናሉ። ይህ ቅርጽ 5,000 ዓመት ገደማ ባስቆጠሩ የሱመር ማኅተሞች ላይ ተቀርጾ ይገኛል። በ1990ዎቹ የሳዳም መንግሥት ረግረጉን ሲያደርቀው ሸምበቆውም ሰዉም ተሰደደ። ከ2003 በኋላ ውሃው ሲመለስ ሸምበቆው በቀለ፤ ሙዲፉም ተመልሶ ቆመ።

ወረቀትስ? ወረቀት የእንጨት ጭረት ነው። ጃፓናዊው አርክቴክት ሺገሩ ባን የጨርቅ ጥቅልና የፋክስ ወረቀት የሚጠቀለልበትን ዓይነት የካርቶን ቱቦ ቤት ሊሸከም እንደሚችል አሳየ። ጃንዋሪ 1995 ኮቤ ከተማ ተናውጣ ከ6,000 በላይ ሰው ሲሞት ቀድሞ በስደት የመጡ ቬትናማውያን በመናፈሻ ውስጥ በላስቲክ ድንኳን ቀርተው ነበር። ባን ለእነሱ ቤት ሠራ። መሠረቱ አሸዋ የተሞላ የቢራ ሳጥን ነው፤ ግድግዳው ጎን ለጎን የቆመ የወረቀት ቱቦ፣ ጣሪያው ደግሞ የድንኳን ሸራ። ቱቦዎቹ 106 ሚሊ ሜትር ስፋትና 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት አላቸው፤ በመካከላቸው ውሃ የማያስገባ ስፖንጅ ተለጥፏል። ለአንዱ ቤት የቁሳቁስ ወጪው ከ2,000 ዶላር በታች ነበር። ቤቱን ያቆሙት ሙያተኞች ብቻ አልነበሩም፤ ተማሪዎችና በጎ ፈቃደኞችም ነበሩ። ባን በ2014 የአርክቴክቸር ታላቅ ሽልማት የሆነውን ፕሪትዝከርን ተቀበለ።

የዚሁ ሰው የሩዋንዳ ታሪክ ደግሞ ሌላ ትምህርት አለው። ከ1994ቱ የዘር ጭፍጨፋ በኋላ ከሁለት ሚሊዮን በላይ ሰው ሲሰደድ መጠለያ ለማቆም ዛፍ ይቆረጥ ጀመር፤ ጫካው ተመናመነ። ዛፉ እንዲተርፍ በሚል የአሉሚኒየም ቱቦ ታደለ። ሰዎቹ ግን ቱቦውን ሸጠው ዛፍ መቁረጣቸውን ቀጠሉ። የራበው ሰው ብረት ተንተርሶ አይተኛም፤ ማንንም አልፈርድበትም። ባን ያኔ ማንም የማይገዛውን የወረቀት ቱቦ አቀረበ። በ1999 በሩዋንዳ በቢዩምባ ካምፕ 50 የሙከራ መጠለያዎች ቆሙ።

በሕንድ በጉጃራት ከ2001ዱ መንቀጥቀጥ በኋላ የቢራ ሳጥን አልተገኘም። መሠረቱ የፈረሱት ቤቶች ፍርስራሽ ሆነ፤ ጣሪያው የተሰነጠቀ ቀርከሃና ሰሌን። ንድፉ አንድ ሆኖ ዕቃው እንደ አገሩ ተለወጠ።

ስለ ያስሚን ላሪ ሳልነግርዎ ባልፍ ቅር ይለኛል። በ1941 የተወለደችው የፓኪስታን የመጀመሪያዋ ሴት አርክቴክት ናት። በካራቺ ከተማ ዛሬም የሚታዩ ግዙፍ የኮንክሪትና የመስታወት ሕንጻዎችን ንድፍ አወጣች፤ የአገሪቱ የነዳጅ ኩባንያ ዋና መሥሪያ ቤት አንዱ ነው። በ2000 ሥራዋን አቁማ ጡረታ ወጣች። ኦክቶበር 2005 ሰሜኑ የአገሪቱ ክፍል ተናውጦ ከ70,000 በላይ ሰው ሲሞት ግን ወደ ተራራው ሄደች። እዚያ ያየችው ድንጋይ፣ ጭቃ፣ እንጨትና የሰው እጅ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሲሚንቶና ብረትን ትታ በቀርከሃ፣ በጭቃና በኖራ መሥራት ጀመረች።

የእሷ የአደጋ ጊዜ ቤት ስምንት ማዕዘን አለው። የቀርከሃ ክፈፎቹ አስቀድመው ተሠርተው ይመጡና ይገጣጠማሉ፤ ግድግዳው በሰሌን ይሸፈንና በጭቃና በኖራ ይመረጋል። ቤተሰቡ ራሱ ይሠራዋል፣ ራሱ ይጠግነዋል። በ2022 ታላቁ ጎርፍ 33 ሚሊዮን ያህል ሰው ሲነካ ከወራት በፊት በሲንድ ግዛት በፖኖ መንደር በእግር ላይ ከፍ ተደርገው የተሠሩ የቀርከሃ ቤቶች ነበሩ። ውሃው መጣ፤ ቤቶቹ ቆመው ጠበቁት። ከዚያ በኋላ 1 ሚሊዮን ቤት በዚህ መንገድ እንዲሠራ ዘመቻ ጀመረች፤ ሙያውንም ማንም እንዲማረው በቪዲዮ አሰራጨች። በ2023 የብሪታንያ የአርክቴክቶች ተቋም የንጉሣዊ የወርቅ ሜዳሊያውን ሸለማት። እኔ ግን ከሜዳሊያው ይልቅ የማደንቀው በስድሳዎቹ ዕድሜዋ ሙያዋን ከሀ ብላ መጀመሯን ነው።

አሁን ደግሞ ሊደበቅ የማይገባውን እንናገር። ከኦገስት 2017 በኋላ ከ700,000 በላይ ሮሂንጃዎች ከማይናማር ወደ ባንግላዴሽ፣ ወደ ኮክስ ባዛር ሸሹ። በጥቂት ወራት ውስጥ ኮረብታው ሁሉ በቀርከሃና በላስቲክ ቤት ተሸፈነ። ቀርከሃው ጥሬ ነበር። ነቀዝ ገባበት። በአንድ ሁለት ዓመት ውስጥ ምሰሶዎቹ ውስጣቸው ዱቄት ሆኖ መሰበር ጀመሩ፤ እንደገና መሥራት፣ እንደገና መግዛት ግድ ሆነ። የእርዳታ ድርጅቶች በኋላ የቀርከሃ ማከሚያ ጣቢያ አቋቋሙ። ማርች 22 ቀን 2021 ደግሞ እሳት ተነሥቶ 10,000 የሚያህሉ መጠለያዎችን በላ፤ 45,000 ያህል ሰው ዳግመኛ ቤት አልባ ሆነ። ቀላል ቤት ቀላል ጥንቃቄ ይበቃዋል ብሎ የሚያስብ ሰው ካለ ይህን ያስታውስ።

ነቀዙ የሚፈልገው የቀርከሃውን ስታርች ነው። ስለዚህ ሦስት ዓመት ያልሞላው ቀርከሃ ለቤት አይቆረጥም፤ ቆረጣውም ስታርቹ በሚቀንስበት በደረቁ ወራት ቢሆን ይመረጣል። ከዚያ አንጓው በረጅም ብረት ይበሳና ቦራክስና ቦሪክ አሲድ በተበጠበጠበት ውሃ ውስጥ ይዘፈዘፋል። ጨው መሳዩ መድኃኒት በዝናብ ታጥቦ ስለሚወጣ የታከመ ቀርከሃም ቢሆን ሰፊ ክፈፍ ያለው ጣሪያ፣ ከሥሩም ከመሬት የሚለየው ድንጋይ ይፈልጋል። ምስማር ደግሞ ቀርከሃን ይሰነጥቀዋል። ለዚህ ነው የድሮ ሰዎች በልጥና በገመድ የሚያስሩት፤ መሐንዲሶችም አስቀድመው በስተው በብሎን የሚያጠብቁት።

የቀርከሃ ጥንካሬ ያለው በቆዳው ላይ ነው። ጭረቶቹ ወደ ውጭ እየጠበቡና እየበዙ ይሄዳሉ፤ ውስጡ ግን ለስላሳ ነው። ቆዳውን ፍቆ የሚያስውብ ሠራተኛ ዋናውን ጉልበቱን እየጣለው ነው።

ቀርከሃ ከበቀለ በኋላ አንዳንዱ ዘር በአንድ ቀን እስከ 91 ሴንቲ ሜትር ማደጉ ተመዝግቧል።

በአፍሪካ ካለው የተፈጥሮ ቀርከሃ ትልቁ ድርሻ በኢትዮጵያ ነው፤ ከ1 ሚሊዮን ሄክታር በላይ ይሸፍናል። አገር በቀሉ ሁለት ዓይነት ነው። የደጋው ቀርከሃ ውስጡ ክፍት ነው፤ በሲዳማ፣ በጋሞ፣ በአዊና በማሻ ይበቅላል። የቆላው ሽመል ግን ድፍን ነው፤ ሰፊው ሽፋኑ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ይገኛል። በ2011 ከሶማሊያ ድርቅና ጦርነት ሸሽተው ዶሎ አዶ ለገቡ ስደተኞች ከድንኳኑ ቀጥሎ የተሠራላቸው ቤት የቀርከሃ ግድግዳ ነበረው፤ ብዙዎቹም በጭቃ መርገው የራሳቸው አደረጉት። ይህን ያህል ሀብት እያለን ቀርከሃ ስንሰማ ቶሎ የሚታወሰን አጥርና ወንበር መሆኑ ያሳዝነኛል።

እንሰትስ? ቆጮ ለማውጣት ግንዱ ሲፋቅ የሚቀረው ቃጫ ገመድ ይሆናል፤ የቤት ማሰሪያም ይሆናል። አንድ ተክል ቤተሰቡን ያበላል፣ ቤቱን ያስራል፣ ቅጠሉም ይሸፍናል።

የጤፍ ጭድ ጭቃ ውስጥ የሚገባው ለምን ይመስልዎታል? ጭቃ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ሲኮማተር ይሰነጠቃል። ጭዱ ስንጥቁን በሺህ ቦታ ይይዘዋል፤ አንድ ትልቅ ስንጥቅ ከመሆን ይልቅ ብዙ የማይታዩ ጥቃቅን ይሆናል። ጭቃው ለቀናት እንዲቦካ መተዉም ጭዱ ለስልሶ ከአፈሩ ጋር እንዲዋሃድ ያደርጋል። በልጅነታቸው ጭቃ የረገጡ አንባቢዎች ይህን በእግራቸው ያውቁታል።

በአሜሪካ ኔብራስካ ዛፍ በሌለበት ሜዳ የሰፈሩ ገበሬዎች በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጭድን በማሽን እየጠቀጠቁ እንደ ብሎኬት ይደረድሩት ነበር። የተጠቀጠቀና በጭቃ የተመረገ ጭድ አየር ስለማያገኝ በቀላሉ አይነድም። ከ2005ቱ መንቀጥቀጥ በኋላ ይኸው ዘዴ ወደ ፓኪስታን ተሻገረ፤ በ2009 ደግሞ ሙሉ መጠን ያለው አንድ የጭድ ቤት በኔቫዳ ዩኒቨርሲቲ የመንቀጥቀጥ መሞከሪያ መድረክ ላይ ቆሞ እጅግ ኃይለኛ ንውጥ ተለቀቀበት። ግድግዳው ተሰነጣጠቀ፣ ተወዛወዘ፤ ቤቱ ግን አልወደቀም። ጠላቱ ውሃ ነው። ጎርፍ በሚደርስበት ቦታ የጭድ ቤት አይመከርም።

ቃጫን ከሲሚንቶ ጋር ማቀላቀል ሁሌ ያዋጣል ማለትም አይደለም። ከአሥርት ዓመታት በፊት በአፍሪካና በሌሎች አገሮች የሲሳል ቃጫ የገባበት የሲሚንቶ ጣሪያ ብዙ ተስፋ ተጥሎበት ነበር። የሲሚንቶው አልካላይ ግን ቃጫውን እየበላ አደከመው፤ ጣሪያው ከዓመታት በኋላ መሰነጣጠቅ ጀመረ። ባንግላዴሻዊው ሳይንቲስት ሙባረክ አህመድ ካን በሌላ መንገድ ሄዶ የጁት ጨርቅን በሙጫ መሳይ ፖሊመር አጠንክሮ እንደ ቆርቆሮ የተጠማዘዘ ሉህ ሠራ። ጁቲን ይባላል፤ አይዝግም።

የኮኮናት ልጣጭ ተፈጭቶ በሙቀት ሲጨመቅ ያለ ሙጫ ጣውላ ይሆናል። በውስጡ ያለው ሊግኒን ቀልጦ ራሱ ሙጫ ይሆንለታል።

በእርዳታ ሥራ ዓለም አቀፍ መለኪያ መሠረት አንድ ሰው ቢያንስ 3.5 ካሬ ሜትር የተከደነ ወለል ያስፈልገዋል። አምስት ሰው ያለው ቤተሰብ 17.5 ካሬ ሜትር መሆኑ ነው። እጅዎን ዘርግተው ይለኩት፤ አንድ መካከለኛ ሳሎን ነው። እሳት እንዳይዛመት ደግሞ በየ300 ሜትሩ የቤት ረድፍ 30 ሜትር ባዶ ቦታ ይተዋል። በተጨናነቀ ካምፕ መጀመሪያ የሚደፈረው ይህ ባዶ ቦታ ነው።

ሜይ 2006 የኢንዶኔዥያዋ ዮግያካርታ ስትናወጥ ከ5,000 በላይ ሰው ሞተ። ቀይ መስቀል ቤት ሠርቶ ከማስረከብ ይልቅ ለመንደር ቡድኖች ገንዘብ ሰጠ። እነሱ ቀርከሃውን በአቅራቢያቸው ገዝተው «ጎቶንግ ሮዮንግ» በሚሉት ልማድ ተያይዘው ሠሩት። ልማዱ ደቦ ነው፤ ሌላ ትርጉም አልፈልግለትም። ከ10,000 በላይ መጠለያ በዚህ መንገድ ቆመ።

ማርች 2015 ፓም የተባለው እጅግ ኃይለኛ አውሎ ነፋስ ቫኑዋቱን ሲመታ በታና ደሴት ሰዎች የገቡት «ኒማልታን» በሚባለው የአያቶች ቤት ነበር። ጣሪያው እስከ መሬት ይወርዳል፤ ነፋሱ የሚገባበት ክፈፍ የለውም። በሐረግ የታሰረ እንጨትና የቅጠል ክዳን ነው። ብዙ ቤተሰብ ሌሊቱን በውስጡ አሳለፈ።

ጃፓን በ2011 በሱናሚ ስትመታ ተፈናቃዮች በስፖርት አዳራሾች ተደርድረው ተኙ። ልብስ የሚቀይሩበት መጋረጃ እንኳ አልነበረም። የሺገሩ ባን ቡድን በወረቀት ቱቦና በጨርቅ መጋረጃ 1,800 ያህል ክፍልፋዮችን በ50 ያህል መጠለያዎች ውስጥ አቆመ። ይኸው ዘዴ በ2022 ከዩክሬን ሸሽተው ፖላንድ ለገቡ ሰዎችም ዋለ። የወረቀት ምሰሶና አንድ መጋረጃ፣ አንዲት እናት ሰው ሳያያት ልጇን እንድታጠባ ያስችላታል።

በመጨረሻ ወደ ኮቤ እንመለስ። በ1995 በታካቶሪ ሰፈር የተቃጠለውን የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ለመተካት 160 በጎ ፈቃደኞች በአምስት ሳምንት 58 የወረቀት ቱቦዎችን በሞላላ ክብ አቁመው አዳራሽ ሠሩ። ለጥቂት ዓመት ተብሎ ነበር፤ አሥር ዓመት አገለገለ። በ2005 ተነቅሎ ታሽጎ ባሕር ተሻገረ፤ በ1999 መንቀጥቀጥ ወደ ተጎዳችው የታይዋን መንደር፣ ወደ ታውሚ። በ2008 እዚያ እንደገና ተተከለ።